አንድ ሜትር ሲንቄ

የተጋዘ እንጨት ሽታ አልወድም። ሰው በሽቶ ይታመማል፣ በናፍጣ ይታመማል፤ እኔ ሰጋቱራ ሲሸተኝ ነው የምታመመው። ስለዚህ አሰላ መናኸሪያ ጀርባ ባሉት እንጨት ቤቶች በኩል አላልፍም፤ ጭቃም ቢሆን ዞሬ በታች በኩል እሄዳለሁ። ባለፈው ቅዳሜ ግን ከልብስ ስፌት ሱቄ ወጥቼ ትንሽ እንደሄድኩ ያ የጭላሎ ዝናብ ድንገት ወረደብኝና ሳልወድ በግዴ አንዱ እንጨት ቤት ቆርቆሮ ስር ተጠለልኩ። አፍንጫዬን በነጠላዬ ይዤ ቆሜ ሳለ አንድ ሽማግሌ እየተቻኮሉ መጥተው ከጎኔ ቆሙ። ብብታቸው ስር በጋዜጣ የተጠቀለለ ረዘም ያለ ነገር ይዘዋል። አዩኝ፣ ደግመው አዩኝ፣ ከዚያ ቀኝ ጆሯቸውን ወደ እኔ አዘንብለው፣ "አንቺ የተሰማ ጅራፍ ልጅ፣ ወይንሸት አይደለሽም?" አሉኝ። ያቺን የጆሮ አዘነባበል የት ነው የማጣት! "ቲቸር አለኸኝ!" ብዬ ጮህኩ።

ቲቸር አለኸኝ የማካካሻ ክፍል አስተማሪዬ ነበር። ያኔ ከእኛ በሰባት ዓመት ቢበልጠን ነው፤ ስለዚህ የያኔውን ሳወራችሁ "እሱ" እላለሁ፤ የዛሬው ሽማግሌ ግን "እርሳቸው" ናቸው፣ ፊት ለፊትም እስከ ዛሬ "እርስዎ" ነው። "ሦስት ቀን ሙሉ ስጠይቅሽ ነበር" አሉኝ። "ሱቅሽ ስደርስ አሁን ወጣች አሉኝ። ባለቤቴ አርፋ እቃ ስናወጣ ይሄ ከኮርኒስ ውስጥ ወጣ። ሳልሞት ላድርስላት ብዬ ነው ከደብረ ማርቆስ የተነሳሁት።" የጋዜጣውን ጥቅል ሰጡኝ። ሳልፈታው አወቅኩት፤ እጄ አወቀው። ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበው ነበርና ጆሮዬ ስር ተጠግተው፣ "ለእናትሽ ነገርሻት?" አሉኝ። "አልነገርኳትም" አልኩ። ይኸውና አርባ ምናምን ዓመት ሙሉ አልነገርኳትም። እማዬ ዓይኗ ቢጠፋም በሕይወት አለች፤ እኔ ቤት፣ እኔ አልጋ አጠገብ ነው የምትተኛው።

ምኑን እንዳልነገርኳት ላውራችሁ። ማን ይገዛን እንደነበር፣ ስንተኛው ዓመተ ምሕረት እንደነበር አትጠይቁኝ፤ ዳቦ ስንት ነበር ካላችሁኝ ግን እንደ ዳዊት እደግምላችኋለሁ። ሙልሙል አስር ሳንቲም፣ ፓስቲ አምስት፣ ከላይ ሰፈር እስከ ገበያ በጋሪ ስሙኒ። ጎረምሶቹ አፍሮ አጎፍረው፣ ጫፉ መንገድ የሚጠርግ ቤል ቦተም ሱሪ ለብሰው ሙዚቃ ቤቱ ጥግ ይቆማሉ። ሙዚቃ ቤቱ ያለችው አንዲት ካሴት ብቻ ይመስል ጠዋትም ማታም ያንኑ የፍቅር ዘፈን ነው የሚለቀው። እስከ ዛሬ ያ ዘፈን በራዲዮ ሲመጣ መንጋጋዬን ያመኛል፤ እሱ እየተዘፈነ ነበራ አንዱ ጎረምሳ ቀሚሴን ጎትቶ እኔም በቡጢ አፉን ያልኩት። እሱ ሁለት ጥርስ፣ እኔ አንድ ጥርስ። አትዘኑልኝ፤ ቀላል ልጅ አልነበርኩም። ያኔ ሰው የሚነጋገረው በእጁ ነበር፤ ባል ሚስቱን፣ ታላቅ ታናሹን፣ አስተማሪ ተማሪውን ይመታል፤ የሚመታው ያጣ ደግሞ ውሻ ይመታል። አሁን የልጅ ልጆቼ አስተማሪ ጮኸብን ብለው ሲያለቅሱ እሰማለሁ፤ እሰይ ያልቅሱ፣ ደስ ይበላቸው።

አባባ ጋሪ ነጂ ነበር። ስሙ ተሰማ ነው፤ አገሩ የሚያውቀው ግን ተሰማ ጅራፍ ብሎ ነው። ጅራፉ ከአንገቱ አይወርድም፤ ለፈረሱ ለቡላም ያው ነው፣ ለእኛም ያው ነው። አረቄ ከቀመሰ ደግሞ ልዩነታችንን ጨርሶ ይረሳዋል። እማዬ የጢቾ ልጅ ናት፤ ድንቄ ትባላለች። ወገኖቿ ለከተማ ጋሪ ነጂ፣ ያውም ለአማራ ልንሰጣት ነው ብለው ቢያኮርፉም፣ እናቷ ግን በሠርጓ ቀን ሲንቄዋን ይዛ መጥታ በእጇ አስጨብጣታለች። ለማታውቁት ልንገራችሁ፤ ሲንቄ አርሲ ውስጥ እናት ለልጇ በሠርጓ ቀን የምትሰጣት ቀጥ ያለ ቀጭን ዘንግ ነው። ማንንም አይመቱበትም። ሴቶች ለጸሎት ሲወጡ ይይዙታል፤ ወንዶች ሲጋደሉ ሴቶቹ ሲንቄ ይዘው መሐል ከገቡ ጠቡ እዚያው ላይ ይቆማል። የተበደለች ሴት ሲንቄዋን ይዛ ከጮኸች የሰማች ሴት ሁሉ ቤቷን ጥላ መውጣት አለባት። የእማዬ ሲንቄ በቅቤ ታሽቶ የወየበ፣ ጫፉ ላይ እናቷ በጋለ ብረት ያተመችበት ሦስት ጥቁር ነጥብ ያለው ነበር። ከመኝታ ቤቱ በር ጀርባ በጨርቅ ተጠቅልሎ ይሰቀላል። እኔ ይሄን ሁሉ ያኔ በደንብ አላውቅም፤ የከተማ ልጅ ነኝ፣ "የእማዬ የበዓል ዱላ" ነበር የምለው።

ትምህርት ቤት ያው ድብደባ ነው። ዩኒት ሊደሩ የውሃ ጎማ ቆርጦ ኪሱ ውስጥ ይይዛል፤ ስም አውጥቶለታል፣ "መድኃኒት" ይለዋል። ያረፈደ በመዳፉ፣ የረበሸ በቂጡ፣ ሒሳብ ያልገባው ደግሞ ኮረት ላይ ተንበርክኮ በጀርባው። እኔ ሒሳብ አልገባኝም። ከፊሉን ሲሉኝ፣ ሲሶውን ሲሉኝ፣ አንጎሌ ውስጥ ጅራፍ ነው የሚጮኸው። የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ወደቅኩ፤ ደገምኩ፣ ደግሜ ወደቅኩ። አባባ "ሦስተኛ ከወደቅሽ ኦጎልቾ ያለው ነጋዴ ሚስቱ ሞታበታለች፣ ለእሱ ነው የምሰጥሽ" አለኝ። ነጋዴው የአባባ እኩያ ነው። የመጨረሻ ዕድሌ የማካካሻ ክፍል ነበር፤ ሁለቴ የወደቀ ሁሉ ከሰዓት በኋላ የሚታጎርበት፣ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ያለ የድሮ እህል መጋዘን። "ጎተራ" ነበር የምንለው። አይጥ እግራችን ስር ይሯሯጣል፣ አስተማሪ ደግሞ በየወሩ ይሸሻል፤ አንዱን እንዲያውም እኛው ነን በድንጋይ ያባረርነው፣ እግዜር ይቅር ይበለን።

ቲቸር አለኸኝ ከጎጃም ተመድቦ ሲመጣ እንደ ሸንበቆ የቀጠነ ወጣት ነበር። የመጀመሪያ ቀን ከማል የሚባል የኢተያ ልጅ፣ የጎተራ አውራ፣ ጠመኔ ወርውሮ ጭንቅላቱን መታው። ሁላችንም ዱላ ጠበቅን። እሱ ጠመኔውን ከመሬት አንስቶ፣ "አመሰግናለሁ፣ ጠመኔ አልሰጡኝም ነበር" አለና መጻፍ ጀመረ። ከዚያ ዞሮ፣ "በግራዬ በኩል አታናግሩኝ፣ አልሰማም። የእናንተ እኩያ ሆኜ አንድ አስተማሪ ይሄን ጆሮ በጥፊ ወስዶታል። መስኮት የሰበረው ሌላ ልጅ ነበር፣ የተመታሁት እኔ" አለን። ቀጠለ፦ "ስለዚህ እኔ አልመታም። ነገ ግን እያንዳንዳችሁ ቤታችሁ የምትመቱበትን ዱላ ይዛችሁ ኑ። ያላመጣ አይገባም።"

ወይ ጉድ! ሰውየው አበደ አልን። ግን በማግስቱ አመጣን። ከማል ወፍራም የወይራ ዱላ፣ አንዷ የማማሰያ እጀታ፣ አንዱ የአልጋ ቋሚ፣ ሌላው የአካፋ እጀታ። እኔ ምን ልውሰድ? የእኛ ቤት ጅራፍ ነው፣ ጅራፉ ደግሞ አባባ አንገት ላይ ነው። ባዶ እጄን ብሄድ አልገባም፤ ካልገባሁ ኦጎልቾ አለ፣ የአባባ እኩያ። እማዬ ውሃ ልትቀዳ ስትወጣ ከበሩ ጀርባ ሲንቄውን አውርጄ ወጣሁ። ማታ መልሼ እሰቅለዋለሁ ብዬ ነበር። ቲቸር አለኸኝ ዱላዎቹን አንድ በአንድ እያነሳ አየ፤ የእኔ ጋ ሲደርስ ፊቱ በራ። "ይሄ ነው ቀጥ ያለው! ከሁሉም ያማረው ያንቺ ነው!" አለኝ። በሕይወቴ አስተማሪ ሲያመሰግነኝ የመጀመሪያዬ ነበር። ከዚያ ከጠረጴዛው ስር መጋዝ አወጣ። ሁሉንም አንድ ሜትር አንድ ሜትር ሊያደርጋቸው ነው፤ የተመታንበት እንጨት ሒሳብ ሊያስተምረን። ጎጃሜ ነው፣ ሲንቄ ምን እንደሆነ ከየት ይወቅ? ቀድሞ የያዘው የእኔን ነው። ልጮህ እችል ነበር። እጄን ማንሳት እችል ነበር። አላነሳሁም፤ ምስጋናው ጣፍጦኝ ዝም አልኩ። መጋዙ ሲንቄውን ሲበላው ሰጋቱራው ጉልበቴ ላይ ረገፈ፣ የቅቤና የእንጨት ሽታ አፍንጫዬን ሞላው። ቁራጩን ከሌሎቹ ቁራጭ ጋር ለጥበቃው ለማገዶ ሰጠው።

እና ምን ትላላችሁ፣ ሒሳብ ገባኝ! ሜትሬን ለሁለት፣ ለአራት፣ ለአስር በጠመኔ ከፋፍዬ ሳየው ያ አንጎሌ ውስጥ ይጮህ የነበረው ነገር ዝም አለ። ከማል እንኳ ጎተራውን በሜትሩ ለክቶ ስፋቱን አሰላ፤ ዩኒት ሊደሩ መጥቶ "ምን ዓይነት ጨዋታ ነው" ብሎ ቢደነፋ ቲቸር አለኸኝ ደንቆሮ ጆሮውን ሰጠው። ዛሬ የሰው ደረትና ወገብ ለክቼ የምበላው በዚያ ሜትር በተማርኩት ነው። ያኔ ማታ ማታ ግን እንቅልፍ አልነበረኝም። ከበሩ ጀርባ የባሕር ዛፍ እንጨት በጨርቁ ጠቅልዬ ሰቅያለሁ። እማዬ የምታወርደው ለበዓልና ለሠርግ ነውና እስከዚያ አንድ ነገር ይፈጠራል ብዬ ራሴን አታለልኩ።

የተፈጠረው ቅዳሜ፣ በጠራራ ፀሐይ ነው። ገበያው ደርቶ፣ አባባ አምስት ኩንታል ስንዴ ጭኖ ዳገቱን ሲወጣ ቡላ አስፋልቱ ላይ ተንሸራቶ የፊት እግሩ ተሰበረ። አባባ ተነስ እያለ ገረፈው። ፈረሱ ተኝቶ እየገረፈው፣ አጥንቱ ወጥቶ እየገረፈው፣ ደም ከአፍንጫው እስኪመጣና ዓይኑ እስኪፈዝ ገረፈው። ገበያተኛው ቆሞ ያያል፤ ሙዚቃ ቤቱም ያንን ዘፈኑን አላቆመም። አባባ ከዚያ አረቄ ቤት ገባ፣ ከዚያ ቤት መጣ። እማዬ "ፈረሱስ?" ብላ ከመጠየቋ በጅራፉ ዘንግ ፊቷ ላይ አሳረፈባት። ብዙ ጊዜ ሲመታት አይቻለሁ፤ እንደዚያን ቀን ግን አላየሁም። እኔ ጀርባው ላይ ዘልዬ ጆሮውን ነከስኩት፣ ግድግዳ ላይ ወረወረኝ። የእማዬን ክንድ በጉልበቱ ሲሰብረው እንደ ደረቅ ጭራሮ ሲቀጭ ሰማሁት። እማዬ በአንድ እጇ እየዳኸች የመኝታ ቤቱ በር ጀርባ ደረሰች። ሲንቄዋን ፈልጋ ነው። ጨርቁን በጥርሷ ፈታችው።

ባሕር ዛፍ ወጣ። ያን ጊዜ ያየሁትን ፊት ለጠላቴም አልመኝም። ከዱላው ይልቅ ያ ባዶነት ነው የጣላት፤ ቁጭ አለች። ከዚያ ግን በዚያው በእንጨቱ መሬቱን እየመታች "ኢንተለ አያ፣ ደጌቴ?" ብላ ጮኸች፤ የእናት ልጅ ሰምተሻል ወይ ማለት ነው። አያቴ ለማለት አኮ የምንላት ጎረቤታችን አኮ ጫልቱ ሲንቄዋን ይዛ ደረሰች፤ ከኋላዋ ሌሎቹ፣ ሃያ ሴት፣ ሠላሳ ሴት፣ እስላሟም ክርስቲያኗም። ግቢው በሴት ሞላ። አባባ ጅራፉን አንስቶ ነበር፤ ዘንጎቹን በእሱና በእማዬ መሐል ሲያጋድሟቸው እጁ በአየር ላይ ቀረ። አኮ ጫልቱ እማዬ እጅ ላይ ያለውን እንጨት አይታ፣ "ድንቄ፣ ሲንቄሽ የታል?" አለቻት። እማዬ ራሷን ነቀነቀች። አኮ ወደ እኔ ዞረች። "አንቺ ልጅ፣ አይተሻል?"

አፌ ውስጥ ደም ነበረ። የእማዬን ክንድ አየሁ፣ አባባን አየሁ። "አባባ ነው" አልኩ። "ሰብሮ ጣለው፣ ከዚያ ባሕር ዛፉን ሰቀለ።" ሴቶቹ ያሰሙት ጩኸት እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ። አባባ "እኔ? እኔ ነኝ?" አለ፤ ድምፁ የልጅ ድምፅ ሆነ። ሰክሮ ነበር፤ ያን ሰሞን ደግሞ ያልሰከረበት ቀን አልነበረም፣ ራሱንም ማመን አልቻለም።

ሚስት መደብደብ ያኔ የቤት ነገር ነው፣ ሽማግሌ ይመጣል፣ ጉንጭ ተሳስመው ይቀራል፤ ለእማዬ ስንቴ እንደዚያ ተደርጓል። ሲንቄ መስበር ግን ሌላ ነው። ሴቶቹ እማዬን ይዘው ወጥተው ወንዙ ዳር ካለው ዛፍ ስር ተቀመጡ። ወጌሻ እዚያው መጥቶ ክንዷን አሰራት። ሦስት ቀን ሰፈሩ ውስጥ እሳት አልነደደም፣ ላም አልታለበም፣ ወንዱ ሁሉ ልጅ ታቅፎ ወለል ላይ ቀረ፤ እየመጣም አባባን ይሰድበዋል። በአራተኛው ቀን አባባ እርጥብ ሣር ይዞ፣ ጊደር እየጎተተ፣ ጫማውን አውልቆ መጣና እግራቸው ስር ተደፋ። አኮ ጫልቱ "ሁለተኛ እጅህን ብታነሳ" አለችው፣ አልጨረሰችውም። ከዚያች ቀን በኋላ አባባ እማዬን አልመታም። አንድ ቀን ብቻ፣ ወጥ ጨው በዝቶበት እጁ ተነሳ፤ ግማሽ መንገድ ላይ ቀረ፣ ራሱን አክኮበት አወረደው።

ሴቶቹ ገና ዛፉ ስር ሳሉ፣ ሰኞ ዕለት፣ ለቲቸር አለኸኝ ነገርኩት። ሜትሬን እጁ ላይ አየውና ቁጭ አለ፣ እዚያው የእኛ አግዳሚ ወንበር ላይ። "ሄጄ እኔ ነኝ የቆረጥኩት እላለሁ" አለ። ኮቱን ጨምድጄ ያዝኩት። "ቲቸር፣ በእናትዎ! ከተናገሩ አባባ ነፃ ነው ይሉታል፤ ነገ ይገድላታል!" አልኩት። ቀኝ ጆሮውን ወደ እኔ አዘነበለ። ከዚያ፣ "ሰው ባላደረገው ሲቀጣ ዝም በል ነው የምትይኝ? እኔን?" አለኝ። "አዎ" አልኩት። አሥራ አምስት ዓመቴ ነበር። ዝም አለልኝ። ግን ከዚያ በኋላ በእንጨቶቹ አላስተማረም፣ ሳቁም ጠፋ። እኔ ሚኒስትሪውን አለፍኩ፣ ከማልም አለፈ። የኦጎልቾው ነጋዴ ሌላ አገባ። ቲቸር አለኸኝ በክረምቱ ዝውውር ጠየቀ፤ ሲሄድ ሜትሬን ይስጡኝ ብዬ አልጠየቅኩም፣ ማየትም አልፈለግኩም።

አባባ ሲያረጅ አረቄ ተወ፣ ቤተ ክርስቲያን አዘወተረ። ሊሞት ሰሞን ብቻችንን ሳለን እጄን ያዘኝ። "ወይኑ፣ አንዲት ነገር ልጠይቅሽ" አለኝ። "ያን ሲንቄ እኔ ነኝ የሰበርኩት? ስፈልገው ስፈልገው ትዝ አይለኝም። ክንዷ ትዝ ይለኛል፣ ቡላም ትዝ ይለኛል፣ እሱ ግን የለም።" እዚያች ላይ እውነቱን ብሰጠው ምን ነበረበት? የሚሞት ሰው ነው። ያ ክንድ ሲቀጭ የሰማሁት ግን እኔ ነኝ። ዓይኑን እያየሁ፣ "አንተ ነህ አባባ" አልኩት። አለቀሰ። እማዬን አስጠርቶ ስለ ሲንቄው ይቅርታ ለመናት፤ ስለ ሲንቄው ሲጀምር ስለ ክንዷም፣ ስለ ፊቷም፣ ስለ ሁሉም መጣ። ይቅር አለችው። እኔ ደጅ ወጣሁ። ጥሩ አደረግኩ አልልም፣ ክፉ አደረግኩም ማለት አልችልም፤ እስከ ዛሬ አላወቅኩትም።

ዝናቡ ሲያባራ ቲቸር አለኸኝን መኪና አሳፍሬ ጥቅሉን ይዤ ቤት ገባሁ። እማዬ ፀሐይ የምትገባበት መስኮት ስር ተቀምጣ ነበር። የተሰበረው ክንዷ እንደተጣመመ ነው የቀረው። ጋዜጣውን ፈትቼ ጭኗ ላይ አስቀመጥኩት። በጣቷ ሦስቱን ነጥብ አገኘች። አንዱን፣ ሁለቱን፣ ሦስቱን። አንስታ ሳመችው፣ አሸተተችው፣ የእናቷን ስም ጠራች።  ከዚያ እጇ ቁልቁል ወረደ፣ እንጨቱ ወደሚያልቅበት፣ ወደ ታችኛው ጫፍ። የተሰበረ እንጨት ስንጥር አለው፣ ይወጋል። ይሄ ለስላሳ ነው፣ እኩል የተቆረጠ ነው። አውራ ጣቷን እዚያ ላይ አንዴ፣ ደግማ፣ ደግማ አሻሸች።

"ወይኑ" አለችኝ።

"አቤት እማዬ።"

"አባትሽ እኮ መጋዝ አልነበረውም።"